የፍየል ተባይና የባለቤቱ ጤንነት

በብዙ ገበሬ ቤት ፍየል ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ታድራለች። ጅብና ብርድ ስለሚፈራ ነው እንጂ ማንም ወዶ አያደርገውም። ታዲያ ፍየሏ ስትገባ በገላዋ ያለው ተባይም አብሯት ይገባል። ስለዚህ ተባዩን ለይተን እንወቀው።

ከሁሉ የከፋው እከክ ነው። እከክ የሚያመጣው ተባይ በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ቆዳውን ቆፍሮ ይገባና እዚያው እንቁላሉን ይጥላል። በመጀመሪያ በፍየሏ አፍ፣ በዓይኗና በጆሮዋ ዙሪያ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ቅርፊትም ያወጣል። ፍየሏ ከግንድና ከግድግዳ ስትታከክ ትውላለች። መብላት ትታ ትከሳለች፤ ካልታከመች ልትሞትም ትችላለች። አንዷን ከያዘ መንጋውን ለማዳረስ ጊዜ አይወስድበትም።

ይህ ተባይ ወደ ሰውም ይሻገራል። ፍየል የምታልበዋን እናት፣ ግልገል አቅፎ የሚውለውን ሕፃን ክንዱንና ሆዱን ያሳክከዋል፤ ሽፍታም ያወጣበታል። ደግነቱ የፍየል እከክ በሰው ገላ ላይ አይራባም። ፍየሎቹ ከታከሙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ፍየሎቹን ትቶ ሰውን ብቻ ማከም ግን በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ማሳከኩ በጣት መካከል ከሆነና ቤተሰቡን ሁሉ ሌሊት የማያስተኛ ከሆነ የሰው እከክ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የፍየል ቅማልስ? እሱ በሰው ላይ አይኖርም። ከቅማል የሚመጣውን ግርሻ የሚያስይዘን በልብሳችን ስፌት የሚደበቀው የራሳችን ቅማል ስለሆነ ፍየሏን በዚህ አንወንጅላት። ቢሆንም የፍየል ቅማል ሌጦውን ያበላሻል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሌጦው ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ ከተነቀለ በኋላ ነው። የቆዳ ሠራተኞች ይህንንም «እከክ» ይሉታል።

ቁንጫ የሚፈለፈለው በበረቱ አቧራና ፍግ ውስጥ ነው። ፍጉን ቶሎ ቶሎ ጠርጎ ማውጣት ነው።

መዥገር ሰውን ሲነክስ ትኩሳትና ራስ ምታት የሚያመጣ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የነከሰበትም ቦታ ጥቁር ቅርፊት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ መዥገር በጣት አይፈረጥም፤ ነጭ ጋዝም አይቀባም፤ በእሳትም አይተኮስም። ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ከዚህ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው መዥገር እንደነከሰው ለሐኪሙ ይናገር።

መድኃኒቱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ለሰብል የተገዛ መርዝ ፍየል ላይ አይረጭም። ፍየሏን ሊገድል፣ የሚረጨውንም ሰው ሊመርዝ ይችላል። የእንስሳት ሐኪሙ በሚሰጠው መጠን መንጋው በሙሉ በአንድ ቀን ይታከም፤ ጤነኛ የምትመስለዋም አትቅር። ብዙው መድኃኒት እንቁላሉን ስለማይገድል ሐኪሙ ባዘዘው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ፣ ይደገማል። የሚረጭ ሰው ነፋሱን ከጀርባው ያድርግ፤ ሕፃናትንም ያርቅ። ሐኪሙ እስከፈቀደበት ቀን ድረስ ወተቷ አይጠጣም፤ ሥጋዋም አይበላም። ባዶው የመድኃኒት ዕቃ ቢታጠብም መርዙ አይለቅምና ውኃ ወይም ጠላ አይቀመጥበት። በስቶ ሰው በማያገኘው ቦታ፣ ከምንጭ ርቆ መቅበር ይሻላል።