ለቴምር ዛፍ ጎረቤት መምረጥ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። አባባሉ ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለተክልም ይሠራል። ጥሩ ጎረቤት ያገኘ ተክል ይፋፋል። ክፉ ጎረቤት የገጠመው ይቀጭጫል።

ቴምር የቆላ ዛፍ ነው። በአገራችን በአፋር ክልል፣ በአሳይታና በአፋምቦ አካባቢ፣ በአዋሽ ወንዝ ውኃ ይለማል። አናቱ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሥሩ ውኃ ይፈልጋል። ከእናቲቱ ግንድ ሥር ተነቅሎ የተተከለ ልጅ ቴምር ፍሬ እስኪሰጥ ከ4 እስከ 6 ዓመት ይፈጃል። ታዲያ ቤተሰቡ እስከዚያ ድረስ ምን ይበላል? መልሱ በዛፎቹ መካከል ባለው መሬት ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ገበሬ 10 ልጅ ቴምሮች ተከለ እንበል። በመካከላቸው ያለው ባዶ መሬት ቆጨው። እስከ ችግኞቹ ጥግ ድረስ በቆሎ ዘራ። በቆሎው አድጎ ችግኞቹን ዋጣቸው። ውኃቸውን ሻማ፤ ፀሐያቸውን ከለለ። በቆሎው ሲታጨድ ግማሾቹ ቴምሮች ደርቀው ተገኙ። ገበሬው የአንድ ወቅት እህል አገኘ፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዛፍ አጣ። ጥፋቱ የበቆሎው አይደለም። ጥፋቱ ቦታ አለመለየቱ ነው።

ስለዚህ ከመዝራታችን በፊት አራት ነገሮችን እንይ።

1ኛ. ርቀት። በቴምርና በቴምር መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር ይተዋል። በልጁ ቴምር ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ምንም አይዘራም። ቦታው ታርሞ ለቴምሩ ብቻ ይጠጣል። የቴምር ሥር እንደ ጭራ የበዛ ነው፤ ብዙው ከግንዱ አጠገብ ይገኛል። ስለዚህ ከግንዱ ሥር በጥልቀት መቆፈር ወይም ማረስ ሥሩን ይቆራርጠዋል።

2ኛ. ፀሐይ። ልጅ ቴምር ጥላ አይወድም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጫጭር ተክል ይሻላል። ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ቦሎቄና አልፋልፋ ጥሩ ናቸው። ማሾ፣ ቦሎቄና አልፋልፋ መሬቱንም ያዳብራሉ። አልፋልፋ ደግሞ እየታጨደ ደጋግሞ ስለሚበቅል ለፍየልና ለላም መኖ ይሆናል። ቴምሩ ሲረዝም ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ጥላ ሰጪው እሱ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካንና ሮማን በጥላው ሥር ከሐሩርና ከነፋስ ይጠለላሉ። ሎሚ ግን እሾህ አለው። ፍሬ ሊያወርድ የሚወጣውን ሰው እንዳይወጋ በሁለቱ ቴምሮች መካከል ይተከል እንጂ ከግንዱ ጥግ አይተከል።

ይህ አዘራር አዲስ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ በረሃ፣ በቱኒዚያ ቶዘር በሚባለው ቦታ፣ ገበሬዎች መሬታቸውን እንደ ፎቅ ቤት ይጠቀሙበታል። ከላይ ቴምር፣ ከመካከል የፍራፍሬ ዛፍ፣ ከታች አትክልትና መኖ ይበቅላል። አንድ ጊዜ የፈሰሰው ውኃ ሦስቱንም ያጠጣል።

3ኛ. ጨው። በቆላ መስኖ ውኃ በብዛት ከለቀቁ፣ የሚወጣበትም ቦይ ከሌለ፣ ጨው በመሬቱ ላይ ይጠራቀማል። መሬቱ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ሲነጣ ምልክቱ ይህ ነው። ቴምር ጨው ይችላል። ጎረቤቱ ግን ላይችል ይችላል። ሽንኩርትና ቦሎቄ በጨዋማ መሬት ይጠወልጋሉ። ጥጥና ገብስ ይሻላሉ። ከፍራፍሬም ሮማን ከሎሚና ከብርቱካን ይልቅ ጨው ይችላል። እንግዲህ «ቴምሩ ለምልሟልና ሁሉም ይለመልማል» ብለን አንታለል።

4ኛ. የፍሬ ጊዜ። ቴምር ሲበስል ደረቅ አየር ይፈልጋል። እርጥበት ከበዛ ፍሬው ይበላሻል። ስለዚህ ብዙ ውኃ የሚጠጣ አትክልት ቴምሩ ከመብሰሉ በፊት ተሰብስቦ ቢያልቅ መልካም ነው።

አንድ ክፉ ጎረቤትም አለ። እሱም ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ነው። ከውጭ አገር የመጣው ለጥቅም ታስቦ ነበር። ዛሬ ግን በአፋር ብዙ የግጦሽና የእርሻ መሬት ወሮአል። ከብቶች ፍሬውን ይበላሉ፤ ዘሩ ከእበታቸው ጋር ወጥቶ ይበቅላል። ግንዱን ብቻ ቢቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ገና ችግኝ ሳለ፣ ከነሥሩ ቆፍሮ መንቀል ይገባል። «ነገ እነቅለዋለሁ» ያለ ሰው ነገ መጥረቢያ ይዞም አይችለው።

ጎረቤት መምረጥ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ቴምሩ ልጅ ሳለ የማይጫነው፣ ሲያድግ ከጥላው የሚጠቀም፣ መሬታችንም የሚችለው ተክል መፈለግ። እንዲህ ያደረገ ገበሬ ዘንድሮ ከአትክልቱ ይበላል፤ ከዓመታት በኋላ ከቴምሩ ይሸጣል።

ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ላይ ያለው ገበሬ ምን ተሳሳተ? እናንተ ብትሆኑ በቆሎውን የት ትዘሩ ነበር?
2. ልጅ ቴምርና ያደገ ቴምር ጎረቤታቸው ለምን ይለያያል?
3. መሬት ጨው መያዙ በምን ይታወቃል?
4. በእርሻችሁ አጠገብ ክፉ ጎረቤት የሆነ ተክል አለ? ስሙንና የሚያደርሰውን ጉዳት በ3 መስመር ጻፉ።