ቤት መምታትና የሕፃናት መጽሐፍ

ባለፈው ትምህርት ስንኝ፣ ሐረግና ቤት ምን እንደሆኑ ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ የቤት መምታትን ጥቅም ገና አፉን ባልፈታ ሕፃን ጆሮ እንመዝነዋለን። ምንባቡን በጥሞና አንብባችሁ በመጨረሻ የቀረበውን መልመጃ ሥሩ።

ሀ. ምንባብ

ግጥም የዐዋቂዎች ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሰው ልጅ ግጥምን ማጣጣም የሚጀምረው የቃላትን ፍች ከማወቁ አስቀድሞ ነው። እናት ልጇን አዝላ ስታባብል፣ ሕፃኑ የሚያደምጠው የቃሉን ምሥጢር ሳይሆን ዜማውንና የሚመላለሰውን ድምፅ ነው። ለሕፃናት የሚዘጋጁ ባለግጥም መጻሕፍትም የተመሠረቱት በዚሁ ጠባይ ላይ ነው።

የእነዚህ መጻሕፍት ገጽ ከወፍራም ካርቶን የተሠራ ነው፤ ሕፃን መጽሐፍን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁና በአፉም ይመረምራልና። በየገጹም የሚዳሰስ ጨርቅ፣ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ወይም ሥዕል የሚሸፍን ክዳን ሊኖር ይችላል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ዶረቲ ኩንሃርት እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተሙት «ፓት ዘ በኒ» የተባለው መጽሐፍ፣ በግጥም የተጻፈ ባይሆንም፣ በእጅ ከሚነኩት መካከል ስመ ጥር ነው፤ ሕፃኑ የጥንቸሉን ለስላሳ ጠጉር ይዳብሳል፤ በመስተዋቱም ፊቱን ያያል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ለሕፃኑ መስጠት ብቻ አይበቃም። አንባቢው ሕፃኑን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን ቃል እያጠራ ያነባል፤ ክዳኑን መግለጥ ግን ለሕፃኑ ይተውለታል። ሕፃኑ ገጽ ቢዘል ወይም በአንዱ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ቢመላለስ ሊቆጡት አይገባም፤ የሚማረው በመደጋገም ነውና። ለምሳሌ ያህል የሚከተሉትን ስንኞች ተመልከቱ፦

ወደ በረት ማን ገባ?
ጥጃ ወተት ሊጠባ።

በቅርጫቱ ማን አለ?
ድመት ተኝቶ ዋለ።

እነዚህን ስንኞች ለሁለት ዓመት ሕፃን ደጋግማችሁ አንብቡለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ «ጥጃ ወተት…» ብላችሁ ዝም በሉና ጠብቁ። ሕፃኑ «ሊጠባ!» ብሎ ይሞላው ይሆናል። በዚያች ቅጽበት አድማጭነቱ ቀርቶ ተናጋሪ ሆኗል። ይህን የረዳው «ገባ» የሚለው ቃል ነው፤ ጆሮው «ባ»ን እንዲጠብቅ አዘጋጅቶለታልና።

ጥቅሙም በዚህ አያበቃም። በእንግሊዝ አገር ሊነት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በ4 እና በ5 ዓመታቸው የቃላትን የድምፅ መመሳሰል በሚገባ የለዩ ሕፃናት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በንባብና በጽሕፈት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ምናልባት በቤታችሁ ውስጥ ማንበብ የምትችሉት እናንተ ብቻ ትሆኑ ይሆናል። የሕፃናት መጽሐፍም በአቅራቢያችሁ ላይገኝ ይችላል። ሆኖም አሮጌ የጫማ ካርቶን፣ መርፌና ክር፣ እንዲሁም ቤት የሚመታ ስንኝ ካላችሁ መጽሐፉን ራሳችሁ ልታዘጋጁት ትችላላችሁ።

ለ. ማብራሪያ

ከላይ ያለው ሁለተኛው ስንኝ «ጥጃ ወተት ሊጠጣ» ቢባል ሐሳቡ እምብዛም አይለወጥም። ነገር ግን «ባ» እና «ጣ» ሁለቱም ራብዕ ቢሆኑም ተነባቢያቸው ስለሚለያይ ቤት አይመቱም። ሕፃኑም የሚመራው ድምፅ ያጣል። እንግዲህ ቤት መምታት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ አድማጭ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። የአራቱ ስንኞች ቀለም እኩል ሰባት ሰባት መሆኑም ለዚሁ ይረዳል።

ሐ. መልመጃ

1. የሕፃናት መጽሐፍ ገጽ ከወፍራም ካርቶን የሚሠራው ለምንድን ነው?

2. «አፍ መፍታት» የሚለውን ሐረግ ፍች ጻፉ፤ ዐረፍተ ነገርም ሥሩበት።

3. ቤት የሚመታውን ቃል መርጣችሁ ባዶውን ቦታ ሙሉ። ሌሎቹ ቃላት የማይስማሙበትንም ምክንያት አስረዱ።

ከዛፉ ላይ ማን ወጣ?
ፍሬ ፈላጊ ______። (ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ)

4. በቤታችሁ ወይም በደጃችሁ ከምታዩአቸው ነገሮች ተነሥታችሁ አራት ጥንድ ስንኞች ግጠሙ። በካርቶን ላይ ከነሥዕላቸውና ከነክዳናቸው አዘጋጅታችሁ ለታናሻችሁ ወይም ለጎረቤት ሕፃን ለአንድ ሳምንት አንብቡለት። ሕፃኑ የትኛውን ቃል እንደሞላና የትኛውን እንደተወ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። የተወውን ስንኝ እንደገና መርምሩ፤ ጉድለቱ ከሕፃኑ ሳይሆን ከግጥሙ ሊሆን ይችላል።