ሼም ሚሽፓሃችን ከየት መጣ?

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣ በቅርስ ትምህርት ክፍላችን የተነጋገርንበት ጥያቄ ይህ ነው፦ መታወቂያችን ላይ «ሼም ሚሽፓሃ» ተብሎ የተጻፈው ስም የማን ነው?

እንደምታውቁት በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱ፣ ካስፈለገም የአያቱ ስም ይከተላል። ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም። ቤተ እስራኤሎች ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ በዚያ ውስጥ የሚዛመዱ አይጋቡምና።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ባመጣው የሰለሞን ዘመቻ ወገኖቻችን ሲገቡ፣ መዝገቡ አንድ ቋሚ ስም ጠየቀ። ብዙ ጊዜ የአያት ስም ተጻፈ፤ አንዳንዴ ግን የአባት።

ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። የበላይ ልጅ አዳነ፣ የአዳነ ልጆች ደግሞ መኮንንና ታደሰ ናቸው እንበል። መኮንን ቀድሞ መጥቶ በአያቱ «በላይ» ተባለ። ታደሰ ከዓመታት በኋላ መጥቶ በአባቱ «አዳነ» ተመዘገበ። የአንድ እናትና አባት ልጆች በወረቀት ባዳ ሆኑ ማለት ነው። የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ናታንያ መሀል ከተማ ቢተዋወቁና ቢዋደዱ፣ ቆጥሮ የሚነግራቸው ሽማግሌ ከሌለ ዘመድነታቸውን በምን ያውቃሉ?

ፊደሉም የራሱን ሥራ ሠርቷል። በዛሬው ዕብራይስጥ ንባብ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ አይለይም፤ ስለዚህ «ጥላሁን» «ቲላሁን» ሆኖ ቀረ። «ጥሩነህ» ወንድን የሚያናግር ስም ነው፤ ዛሬ የሴት ልጆችም መጠሪያ ነው። (በዚህስ ስቀናል።)

በሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ። በስኮትላንድ «ማክ» ማለት በጌሊክ ቋንቋ ልጅ ማለት ነው፤ ማክዶናልድ የዶናልድ ልጅ ነው። ጥንት ስሙ እንደ እኛው በየትውልዱ ይለወጥ ነበር፤ በኋላ ግን ባለበት ቆመ። የእነሱ በብዙ ዘመን ቀስ እያለ ቆመ፤ የእኛ ግን በአንድ ጠረጴዛ ፊት፣ በአንድ ወረፋ።

በ1956 በወጣው የእስራኤል የስም ሕግ መሠረት አዋቂ ሰው ስሙን መለወጥ ይችላል። እኛ ግን የሚያስቸኩለን ስሙን መለወጥ ሳይሆን ቆጠራው ነው። በክፍላችን አብዛኞቻችን ስንቆጥር አራተኛው ቤት ላይ ቆምን። ስለዚህ በሚቀጥለው ገጽ ሰባት ባዶ መስመር በአባት በኩል፣ ሰባት ደግሞ በእናት በኩል ትተናል። እናንተ ንገሩን፣ እኛ በግዕዝ ፊደል እንጽፋለን።