የእሳት አደጋ ሠራተኛን የሚገድለው ነበልባሉ ብቻ አይደለም፦ ከመርካቶ ቃጠሎ ምን እንማር?

 

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ብዙዎቻችን በስልካችን አይተነዋል። የስንት ሰው የዓመታት ላብ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ስለ ንብረቱ ብዙ ተወርቷል፤ መወራቱም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን እስቲ ሁላችንም ከእሳቱ ስንሸሽ ወደ እሳቱ ስለሚገቡት ሰዎች እናውራ።

በየዓመቱ ሚያዝያ 26 (በፈረንጆቹ ሜይ 4) ዓለም አቀፍ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀን ነው። ቀኑ የታሰበው በ1991 ዓ.ም. ኅዳር ወር አውስትራሊያ፣ ሊንተን በምትባል ቦታ አምስት በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ ነው። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር እሳቱ መኪናቸው ላይ እንዳሉ ከበባቸው።

የሞቱትን ማሰብ ጥሩ ነው። ነገር ግን እነዚህን ሰዎች ምን እንደሚገድላቸው በደንብ ይታወቃል፤ አብዛኛውንም መከላከል ይቻላል። አንዳንዱ የሚከላከለው በሥልጠናና በመሣሪያ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በእኔና በእናንተ እጅ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ጭሱ

በእሳት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞተው ተቃጥሎ ሳይሆን ታፍኖ ነው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ሁላችሁም ታውቃላችሁ አይደል? ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው አየር እየሳበ ሰውነቱ ግን ኦክስጅን ያጣል ማለት ነው።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ የሚቃጠለው እንጨት ብቻ አይደለም። ስፖንጅ፣ ናይለን፣ ፖሊስተር ጨርቅ፣ ፕላስቲክ፣ ቀለም አለ። ስፖንጅና ናይለን ሲቃጠሉ ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ጋዝም ይወጣል። ሁለቱ መርዞች አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

👉 ፊት ላይ የሚታሰር እርጥብ ጨርቅ ወይም የኮቪድ ማስክ እነዚህን ጋዞች አያስቆምም። የሚያድነው ጀርባ ላይ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደርና ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ጭምብል ነው። እሱም ቢሆን ጊዜው አጭር ነው፤ 30 ደቂቃ የሚባለው ሲሊንደር ከባድ ሥራ ላይ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል።

2. ሙቀቱና ልብ

ይሄ ብዙ ሰው ያስገርመዋል። በአሜሪካ ሥራ ላይ እያሉ ከሚሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሚሞቱት በድንገተኛ የልብ ችግር ነው።

ለምን? ልብሱና መሣሪያው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ልብሱ እሳት እንዳያስገባ ተደርጎ ስለተሠራ የሰውነትን ሙቀትም አያስወጣም። ሰውየው ከእንቅልፉ ወይም ከተቀመጠበት ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ደረጃ ይወጣል፣ ውሃ የሞላ ቱቦ ይጎትታል። የልብ ምቱ ጣሪያ ይነካል፤ በላብ ብዙ ውሃ ያጣል፤ ደሙም ይወፍራል። ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ወይም የልብ ደም ሥር መጥበብ ካለ ያኔ ይፈነዳል።

👉 ስለዚህ ዓመታዊ የልብና የደም ግፊት ምርመራ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የግድ ነው። በአደጋው ቦታም ተራ ማስያዝ ያስፈልጋል። በሙያው የታወቀ መመሪያ ሁለት ሲሊንደር የጨረሰ ሠራተኛ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ወጥቶ እንዲያርፍ፣ ውሃ እንዲጠጣና የልብ ምቱ እንዲለካ ያዛል። ስለዚህ ጃኬቱን አውልቆ የተቀመጠ ሠራተኛ ስታዩ «ሰው ንብረቱ እየነደደ ይሄ ቁጭ ይላል!» አትበሉ። ልቡን እያሳረፈ ነው።

3. መንገድ መጥፋትና የሕንፃ መደርመስ

በ1992 ዓ.ም. ኅዳር ወር አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር ከተማ ውስጥ አንድ የተተወ የማቀዝቀዣ መጋዘን ተቃጠለ። «ውስጥ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ» ስለተባለ ሁለት ሠራተኞች ፍለጋ ገቡ። ሕንፃው ውስጡ እንደ ዋሻ የተጠላለፈ ነበርና በጭሱ መሀል መንገድ ጠፋባቸው፤ አየራቸውም እያለቀ ሄደ። እነሱን ፍለጋ ከገቡት አራቱ አልተመለሱም። በመጨረሻ አዛዡ በሩ ላይ ቆሞ ሌላ ሰው እንዳይገባ ከለከለ። ስድስት ሰው ሞተ። ይፈለጉ የነበሩት ሰዎች ግን ቀድመው ወጥተው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ለመርካቶ ይበልጥ ይቀርባል። በ2009 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ቴህራን ውስጥ ፕላስኮ የሚባለው ባለ 17 ፎቅ ሕንፃ ተቃጠለ። ውስጡ የልብስ ስፌት ቤቶችና ሱቆች የሞሉበት ነበር። ለሰዓታት ከነደደ በኋላ ተደርምሶ 16 የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ገደለ። ከመደርመሱ በፊት ገንዘብና ዕቃቸውን ለማውጣት ተመልሰው ለመግባት የሚታገሉ ነጋዴዎች ነበሩ።

4. ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ካንሰር

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2014 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በተለይ የተረጋገጠው የሽንት ፊኛ ካንሰርና የሳንባ ሽፋን ካንሰር (ሜሶቴሊዮማ) ነው። መርዙ በሳንባ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። ጥላሸት የያዘ ልብስ ለብሶ መኪና ውስጥ መግባት፣ እንዲያው ለብሶ ቤት መሄድ አደጋ ነው።

👉 መፍትሔው ውድ አይደለም። እዚያው ቦታ ልብሱን በውሃ ማጠብ፣ ፊትና አንገትን ማጽዳት፣ ቶሎ ገላ መታጠብ፣ መቀየሪያ ልብስ መኖር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ፍርስራሽ ሲገላበጥም ጭምብሉን አለማውለቅ፤ ጭሱ ቢቀንስም መርዙ አለ።

ታዲያ ሥልጠናው ምን መምሰል አለበት?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ውሃ መርጨት ብቻ የተማረ ሰው ጭስ የሞላበት ሱቅ ውስጥ ሲገባ ይደናገጣል፤ ሲደናገጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አየሩም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ፦

✅ በጨለማና በጭስ ውስጥ ቱቦውን ተከትሎ መውጣትን ደጋግሞ መለማመድ
✅ ብቻን አለመግባት፤ ሁለት ሲገቡ ሁለት ሙሉ ታጥቀው ውጭ ዝግጁ ሆነው መጠበቅ
✅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሱ ራሱ የሚጮኸውን የደረት መሣሪያ ሁሌም አብርቶ መግባት
✅ ማን እንደገባና ስንት ሰዓት እንደገባ በር ላይ የሚመዘግብ ሰው መኖር
✅ የመርካቶን ተራዎች፣ መግቢያና መውጫቸውን እሳት ሳይኖር ዞሮ ማጥናት
✅ «ከዚህ በኋላ ማንም አይገባም» ማለት የሚችል አዛዥ ማሠልጠን። ይሄ ፍርሃት ሳይሆን ሙያ ነው

የእኛ ድርሻስ?

ሸማ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ሳጥን ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሱቁ ከሱቅ ተጣብቋል፣ መተላለፊያው በዕቃ ተይዟል፣ መኪና ለመኪና አይተላለፍም። በሸማ ተራው ቃጠሎም የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት ሥራውን አክብዶት ነበር።

👉 እሳት ስታዩ ወዲያው 939 ደውሉ። «እኛው እናጠፋዋለን» እያሉ የሚባክኑት ደቂቃዎች ናቸው ትንሹን እሳት ትልቅ የሚያደርጉት። ተራውንና በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ቦታ ተናገሩ።
👉 መተላለፊያ ላይ ዕቃ አትደርድሩ፤ መኪና መግቢያ ላይ አታቁሙ።
👉 ሠራተኞቹ ሲደርሱ ግቢውን የሚያውቅ አንድ ሰው አዛዡን ያግኝ። ውስጥ ሰው አለ ወይ? ሱቅ ውስጥ የሚያድር ዘበኛ ወይም ልጅ አለ? ጋዝ፣ ቀለም፣ ሽቶ፣ ባትሪ የቱ ጋ ነው? ዉስተር ላይ ስድስት ሰው የገደለው የዚህ መረጃ መጥፋት ነው።
👉 «ካዝናዬን አውጡልኝ» ብላችሁ አትለምኑ፤ ተመልሳችሁም አትግቡ። እናንተን ፍለጋ ሌላ ሰው ይገባል።
👉 ቪዲዮ ለመቅረጽ መንገድ አትዝጉ።

ለተጎዳ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ

• ቃጠሎ፦ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ (በረዶ ባልሆነ) ውሃ አቀዝቅዙ። ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁ። በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ቡና አትቀቡ! ከባድ ቃጠሎ ከሆነ ሆስፒታል ውሰዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

• ጭስ የተነፈሰ፦ ወደ ንጹህ አየር አውጡት። ድምፁ ከጎረነነ፣ አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ወይም የተለበለበ ፀጉር ከታየ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም መወዛገብ ካለ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ውሰዱት። ጉሮሮ ከሰዓታት በኋላ አብጦ ሊዘጋ ይችላል።

• ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 98 ቢያሳይ አትዘናጉ። መሣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን አይለይም፤ ስለዚህ የተመረዘ ሰው ላይም ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ሕክምናው ሆስፒታል የሚሰጥ ከፍተኛ ኦክስጅን ነው።

በሥራ ላይ ሳሉ ሕይወታቸውን ለሰጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሁሉ ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን ደግሞ ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኛም እናግዛቸው፤ ነገ ጠዋት ሱቃችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ መተላለፊያውን ተመልከቱ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቱቦ ይዞ ያልፍበታል?

መርካቶ ለሚሠራ ወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን።