ተንቀሳቃሹ የተመልካች መቀመጫ ሰው ይችላል?

ጥያቄ፦ በይጁቤ ሜዳ ለእግር ኳስ፣ ለሩጫና ለበዓል እየተገጣጠመ የሚነሳ የተመልካች መቀመጫ ለማሠራት ገንዘብ እያዋጣን ነው። የኮሚቴ አባል ነኝ። በጎንደር በጥምቀት የተደረመሰው ርብራብ ትዝ እያለኝ እሰጋለሁ። ክብደቱን ይችል ይሆን?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ኮሚቴው እንደ እርስዎ የሚጨነቅ ሰው ማግኘቱም ደግ ነው። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የእንጨቱ ርብራብ ተደርምሶ የሰው ሕይወት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1992 በፈረንሳይ ባስቲያ አጠገብ ለአንድ ግጥሚያ የተተከለ ጊዜያዊ መቀመጫ ወድቆ ቢያንስ 18 ሰዎች ሞተዋል። ሆኖም መንቀሳቀሱ ብቻውን አደጋ አይደለም። በፓሪስ አቅራቢያ ባለው ስታድ ዴ ፍራንስ የታችኛው መቀመጫ የሩጫ ውድድር ሲኖር 15 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል።

የጠየቁኝ ስለ ክብደት ነው፤ እሱ ግን ቀላሉ ነው። ተጨናንቆ የቆመ ሕዝብ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ያህል ተብሎ ይሰላል፤ ይህን የሚሸከም ቋሚ አይጠፋም። የሚጥለው የጎን ግፊት ነው። ጎል ሲገባ ሕዝቡ አብሮ ይዘላል፣ አብሮ ያዘነብላል። እግሩ የላላ በርጩማ ክብደት ችሎ ሲነቀነቅ እንደሚገለበጥ ማለት ነው። ይህን የሚከላከለው ሰያፍ ማሰሪያ ነው፤ ከአንዱ ቋሚ እግር ወደ ሌላው ቋሚ ራስ ተሻግሮ የሚታሰር ብረት። ሜዳችሁ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲመታው ይለሰልሳል፤ አንዱ እግር ሲሰጥም ሸክሙ ወደ ቀሪዎቹ ይዞራል።

ለሕዝብ መቀመጫ ባሕር ዛፍና ሚስማር አልመክርም፤ እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩ ይላላል። የብረት ስካፎልዲንግ ከነማያያዣው ይሻላል፤ ከየእግሩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። ሜዳው ዳር ተዳፋት ካለ ግን (ለእኔ ይህ ይበልጣል) እርከን ሠርታችሁ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። የሚደረመስ ርብራብ አይኖርም።

ብረቱን ከመረጣችሁ፣ ተነቅሎ በተተከለ ቁጥር አዲስ ሥራ ነው፤ የአምናው ምርመራ ለዘንድሮ አያገለግልም። እግር ሲሰጥም፣ ቋሚ ሲያጋድል፣ ማያያዣ ሲወልቅ፣ ወይም ሕዝቡ ረጋ ብሎም የመቀመጫው መወዛወዝ ሳያቆም ሲቀር፣ ጨዋታውን አስቁመው ሰዉን ሳያስደነግጡ ረድፍ በረድፍ ያስወርዱ። ባለሙያ ሳያየው ማንም አይመለስበት።

ባለሙያ መጥራት ያለባችሁ ግን ብረቱ ሳይገዛ ነው። የስትራክቸር መሐንዲስ፣ ማለትም የግንባታን ጥንካሬ የሚያሰላ ባለሙያ፣ ሜዳውን መጥቶ ይይ። በወረዳችሁ ከሌለ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና መምህራንን ያማክሩ። የተፈረመ ስሌትና ንድፍ በእጃችሁ ሳይገባ ከመዋጮው አንድ ብር እንዳይከፈል ለኮሚቴው ይንገሩ።