የጉባኤ በረራና የሁምቦ ደን

ከአዳማ ተነሥተን፣ በቦሌ በኩል ለሳይንስ ጉባኤ ፓሪስ ደርሰን ብንመለስ 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንበራለን። ለአንድ ተሳፋሪ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 3 ኪሎ ግራም ነዳጅ ይቃጠላል ብንል፣ ድምሩ 330 ኪሎ ግራም ነው። የነዳጁ ካርቦን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ነዳጅ 3.16 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ድርሻችንም 1 ቶን ገደማ ይሆናል።

ይህን ማካካስ ይቻላልን? በወላይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት የተመዘገበው የሁምቦ ፕሮጀክት 2,728 ሄክታር መሬት ከልቅ ግጦሽ ከልሎ ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ አድርጓል። በ30 ዓመት 880,000 ቶን እንዲይዝ ታቅዷል፤ ሲካፈል ለአንድ ሄክታር በዓመት 11 ቶን ገደማ ነው። እንግዲህ ለበረራችን የአንድ ሄክታር አሥራ አንደኛ እጅ ለአንድ ዓመት ይበቃል።

ነገር ግን ደኑ ከተቃጠለ ጋዙ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ጉዞው በእርግጥ ያስፈልጋልን የሚለውን ነው።