ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ምክንያትንና ውጤትን በድርሰት ማያያዝ

ሀ. መግቢያ

አንድን ታሪክ ስንጽፍ «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ብቻውን አይበቃም። አንባቢ «ለምን ሆነ? ከዚያስ ምን ተከተለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚከተለው ምንባብ ሪኮርደር የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ በአንድነት ስለ ተጫወተ ቤተሰብ ይተርካል።

ሪኮርደር ሲባል ድምፅ መቅጃውን እንዳታስቡ፤ ይህኛው የአውሮፓ ዋሽንት ነው። ከፊት ሰባት፥ ከኋላ ደግሞ ለአውራ ጣት አንድ ቀዳዳ አለው። የአገራችን ዋሽንት ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ሲኖረው፥ ነፊው ትንፋሹን በከንፈሩ አቅንቶ ከሸምበቆው ጠርዝ ጋር ማጋጨት ይኖርበታል። በሪኮርደር ግን ትንፋሹን የሚመራው በመሣሪያው አፍ የተሰካ ውታፍ ስለ ሆነ፥ ጀማሪም ቢሆን ቶሎ ድምፅ ያወጣል። ትንፋሽን መመጠንና ጣትን ማስማማት ግን ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

ለ. ምንባብ

የጠፋው ሪኮርደር

አርኖልድ ዶልሜች እ.ኤ.አ. በ1858 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። ኋላም በእንግሊዝ አገር ኖሮ የተረሱ የሙዚቃ መሣሪያዎችን መጠገንና መሥራት ሞያው አደረገ። በዚያ ዘመን ሪኮርደር ከሙዚቃ አዳራሽ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ስለ ነበር፥ የሚያስተምር ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ዶልሜች በ1905 ብሬሳን የተባለ ባለሞያ የሠራውን አንድ ጥንታዊ ሪኮርደር ገዛ፤ አነፋፉንም ራሱን አስተማረ። ባለቤቱና ልጆቹም ሙዚቀኞች ነበሩ። አባት ለልጆቹ መምህር ቢሆንም እርሱ ራሱ ገና ተማሪ ነበር።

በ1919 ቤተሰቡ በለንደን ከተማ ሙዚቃ አሰምቶ ወደ መኖሪያው ወደ ሄዝልሚር ሲመለስ፥ የሰባት ዓመቱ ልጅ ካርል አንዱን ከረጢት በዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ረሳው። ብርቁ ሪኮርደር የነበረው በዚያ ከረጢት ውስጥ ነበር።

ምትክ ከገበያ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ስለዚህ አባትየው ራሱ ለመሥራት ተነሣ። ሥራው እንጨት ጠርቦ በመብሳት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም፤ የውስጡ ቦይ ጥቂት ቢሰፋ ወይም ቢጠብ ድምፁ ይዛባልና። ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ በዚያው ዓመት ተሳካለት። የጠፋውም መሣሪያ ከጊዜ በኋላ ተገኝቶ ለባለቤቱ ተመለሰ።

በ1925 ዶልሜች በሄዝልሚር የሙዚቃ በዓል አቋቋመ። በ1926ቱ በዓል ላይ መጠናቸው የተለያየ ሪኮርደሮች በአንድነት ተሰሙ፤ ትንሹ በቀጭን፥ ትልቁም በወፍራም ድምፅ እየተቀባበሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ዜማውን አስማሙ። ከረጢቱን የረሳው ካርል አድጎ በዘመኑ ከታወቁት የሪኮርደር ነፊዎች አንዱ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የቤተሰቡ ድርጅት ዋጋው የማይከብድ የፕላስቲክ ሪኮርደር ለተማሪዎች አቀረበ።

ሐ. ማብራሪያ

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ካርል ከረጢቱን ከረሳ በኋላ አባቱ ሪኮርደር ሠራ።
2. ካርል ከረጢቱን ስለ ረሳ አባቱ ሪኮርደር ሠራ።
3. ሪኮርደሩ ቢጠፋም ቤተሰቡ ተስፋ አልቈረጠም።

የመጀመሪያው የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ያመለክታል። ሁለተኛው «ስለ» በሚለው ቃል አማካይነት መርሳቱን ምክንያት፥ መሥራቱን ውጤት ያደርጋል። ሦስተኛው ደግሞ ይጠበቅ የነበረው ውጤት እንዳልደረሰ ይገልጻል።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ዕቃ የሚረሳ ልጅ ብዙ ነው፤ ዕቃ በተረሳበት ቤት ሁሉ ግን አዲስ መሣሪያ አይሠራም። አባትየው የእጅ ሞያ ባይኖረው፥ የመሣሪያውንም ድምፅ ለዓመታት ባያጠና ኖሮ መጥፋቱ ኪሣራ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ መርሳቱን የቅርብ ምክንያት፥ ሞያውንና ጥናቱን ደግሞ ሥር ምክንያት እንላቸዋለን። ጥሩ ድርሰት ሁለቱንም ለይቶ ያሳያል።

ይህ ጥንቃቄ ከድርሰት ውጭም ይጠቅማል። በቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ «እርሱ ስለ ነካው ነው» ማለት ይቀናናል። «ስለ» ትንሽ ቃል ብትሆንም ሰውን ታስወቅሳለች። ከመጻፋችሁም ሆነ ከመናገራችሁ በፊት ምክንያቱ ያ ብቻ መሆኑን መርምሩ።

መ. መልመጃ

1. «ከ... በኋላ»፥ «ስለ» እና «ቢ...ም» የሚሉትን እየተጠቀማችሁ ከምንባቡ ሐሳብ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች መሥርቱ።
2. በምንባቡ ውስጥ «ና» የሚለው ምዕላድ ምክንያትን የገለጸበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ ጻፉ። «ስለ» ተጠቅማችሁም መልሳችሁ አዋቅሩት።
3. «አባት ለልጆቹ መምህር ቢሆንም እርሱ ራሱ ገና ተማሪ ነበር» የሚለውን ሐሳብ በቃል ተወያዩበት። እንዲህ ያለ መምህር ለተማሪው ስሕተት ምን ዐይነት ዐይን ሊኖረው ይችላል?
4. ከቤተሰባችሁ ጋር በአንድነት የተማራችሁትን አንድ ነገር፥ ለምሳሌ ዋሽንት መንፋትን፥ ስፌት መስፋትን ወይም ጓሮ ማልማትን መርጣችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ማን ከማን እንደ ተማረ፥ በሁለተኛው ያጋጠመውን ስሕተትና የቅርብ ምክንያቱን፥ በሦስተኛው ሥር ምክንያቱንና የተገኘውን ውጤት ግለጹ። ጽሑፋችሁን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት በድርሰቱ ለተጠቀሱት ሰዎች አንብቡላቸው፤ እነርሱ የሚያውቁት ሌላ ምክንያት ካለም ጨምሩበት።